ዘግይተው ስለሚደርሱና ተበላሽተው ስለሚመጡ የዳታ ማይኒንግ ማሽኖች ከማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በኢትዮጵያ በዳታ ማይኒንግ (ቢትኮይንን በኮምፒውተር ስሌት የማምረት) ሥራ የተሰማራን አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በጋራ የመሠረትነው ማኅበር፣ አባላት ከውጭ በሚያስመጧቸው የቢትኮይን ማሽኖች ጥራትና የርክክብ ጊዜ ላይ የቀረበውን ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤያችን መርምረን፣ ከተወያየንበት በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው የሚመለከተው አምራቾችን፣ ሻጭ ወኪሎችን፣ የአባላትን ማሽን ተረክበው የሚያንቀሳቅሱ ማዕከላትን፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላትና የራሳችንን አባላት ነው። አባላትን እዚህ ውስጥ ያስገባነው ለሥርዓቱ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አቋሞች መካከል እኛኑ የሚያስሩ አሉ።

ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ የተሰጠው ሥልጣን ውሱን መሆኑን ያውቃል። አንድ አባል ከሻጩ ጋር በገባበት ክርክር የአባሉን ቦታ ተክቶ አይከራከርም፤ የማሽን ዋጋ አይወስንም፤ ማንንም ከገበያ የማስወጣት መብት የለውም። ይሁንና ተመሳሳይ ውል የፈረሙ አባላት በተመሳሳይ አንቀጽ ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስባቸው ቅሬታው የአንድ ገዥ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የአባላትን የጋራ ጥቅም ማስጠበቅ የማኅበሩ ቀዳሚ ዓላማ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ከኃላፊነት መሸሽ ነው ብለን አምነናል።

ዘርፉ በሀገራችን የቆመበትን መሠረት በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ስትከለክል ማሽኖችና ባለሀብቶች ርካሽ ኃይል ወዳለባቸው ሀገሮች ፈለሱ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለዳታ ማይኒንግ ደንበኞች ኃይል በውጭ ምንዛሪ መሸጥ ያዘ። አባሎቻችን በዚህ ማዕቀፍ ገብተው ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ናቸው። ኃይሉ አለ፣ ሼዱ ተሠርቷል፣ ትራንስፎርመሩ ተተክሏል። የጎደለው በተባለበት ቀን የሚደርስና ሲደርስ የሚሠራ ማሽን ነው።

መዘግየት ለዚህ ማሽን ምን ማለት እንደሆነ ከዘርፉ ውጭ ላለ አንባቢ ግልጽ ላይሆን ይችላል። ለወፍጮ ቤት የታዘዘ ሞተር ሁለት ወር ቢዘገይ ባለቤቱ የሁለት ወር ገቢ ያጣል እንጂ ሞተሩ ራሱ መንገድ ላይ አያረጅም። የቢትኮይን ማሽን ግን ያረጃል። የቢትኮይን መረብ በየ2,016 ብሎኩ (የግብይት መዝገቡ ክፍል)፣ ማለትም በግምት በየሁለት ሳምንቱ፣ የስሌቱን ክብደት በዓለም ላይ ባለው ጠቅላላ የማሽን አቅም ልክ ያስተካክላል። ሌሎች አዳዲስ ማሽን በሰኩ ቁጥር ገና ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ማሽን ሲበራ የሚያገኘው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ገደማ የብሎኩ ሽልማት በግማሽ ይቀነሳል። ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ሽልማቱ ከ6.25 ቢትኮይን ወደ 3.125 ወርዷል። ይህ ቀን በግምት ከዓመታት በፊት የሚታወቅ ነው። ሻጩም ያውቀዋል፤ እንዲያውም ማስታወቂያው ላይ «ከሽልማት ቅነሳው በፊት ይደርሳል» ብሎ የሚጽፈው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ገዥው የከፈለው ዋጋ የተሰላው በዚያ ተስፋ ላይ ከሆነ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ማሽን በስም እንጂ በዋጋ ያው የተገዛው ማሽን አይደለም።

አባላት በጋራ ያነሡት ቅሬታም እዚሁ ላይ ይጀምራል። ብዙው ግዥ የሚፈጸመው ገና ባልተመረተ ማሽን ላይ ነው። ሻጩ የወደፊቱን ባች (በአንድ ዙር የሚመረት የማሽን ስብስብ) አስቀድሞ ይሸጣል፣ ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይቀበላል፣ የመላኪያውን ወር በማስታወቂያ ይገልጻል፤ በውሉ ላይ ግን ወሩ «ግምታዊ» ተብሎ ይጻፋል። የመላኪያው ወር ሲያልፍ አዲስ ወር ይነገራል። በዚህ መሐል የቢትኮይን ዋጋ ወርዶ ከሆነ ያው ሞዴል ለአዲስ ገዥ በቅናሽ ሲሸጥ ቀድሞ የከፈለው ወረፋ ይጠብቃል። ተመላሽ የጠየቀ አባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ገንዘቡ ሳይሆን ከዚያው ሻጭ ብቻ ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ነው። ኩፖን ለባንክ ብድር አይከፈልም፤ ለኃይል ሒሳብም አይሆንም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዋጋ መውረድን በሻጭ ላይ አንጭንም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ተጠግቶ የነበረው የቢትኮይን ዋጋ በጁን 2022 ከ20,000 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በከፍታው ጊዜ ያዘዘ ሰው ማሽኑ በቀኑ ቢደርስለትም ይጎዳ ነበር፤ ይህ ራሱ አውቆ የገባበት ሥጋት ነው። የምንቃወመው የመዘግየቱም፣ የብልሽቱም፣ የመንገዱም ሥጋት ተደማምሮ በገዥው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁን ነው።

ወደ ብልሽቱ ስንመጣ ጉዳዩ በይበልጥ ይከፋል። በአየር የሚቀዘቅዝ የተለመደው ማሽን ውስጡ ሦስት ሃሽቦርድ፣ አንድ ኮንትሮል ቦርድ፣ አንድ ፓወር ሰፕላይና አራት ፋን አለው። በእያንዳንዱ ሃሽቦርድ ላይ በርካታ ቺፖች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይሠራሉ፤ መልእክቱ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ስለሚተላለፍ አንድ ቺፕ ሲሞት ከእሱ በኋላ ያሉት ይታወራሉ፣ ብዙውን ጊዜም ቦርዱ እንዳለ ከሥራ ይወጣል። አንድ ቦርድ የጠፋበት ማሽን ከምርቱ ሢሶውን አጥቷል። ፋኖቹ ግን እንደ ሙሉ ማሽን ይሽከረከራሉ፤ የቦታው ኪራይም አይቀነስም።

የቴክኒክ ኮሚቴያችን በዕቃ ማራገፊያ ላይ ያየውን እዚህ መዝግበናል። አንዳንዱ ካርቶን ገና ሳይከፈት፣ ሲያነሡት ብቻ፣ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አለው። ሲከፈት በቺፖቹ ላይ ተለጥፈው የነበሩ ትንንሽ የአሉሚኒየም ሙቀት ማስወገጃዎች ተላቀው በማሽኑ ወለል ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ይህን ሳያይ ኤሌክትሪክ የሰጠ ቴክኒሻን ቦርዱን ያቃጥላል፤ ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ሻጩ ጉዳቱን የአጠቃቀም ስህተት ብሎ ይመዘግበዋል። በሌላ ጭነት ላይ ካርቶኑ አዲስ፣ ማሸጊያው አዲስ፣ የፋኑ ክንፍ ግን በቀጭን ጥቁር አቧራ የተለበጠ ነበር። በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ሲሪያል ቁጥርና ማሽኑ ሲበራ በሎጉ ላይ የሚነበበው አልገጠሙም። እንዲህ ያለው ማሽን አዲስ ተብሎ መሸጡን ምን ብለን እንደምንጠራው ለአንባቢ እንተዋለን። ቅሬታ ሲቀርብ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «ሎጉን ላኩ» ነው፤ ሎጉ ሲላክ «ቪዲዮ ላኩ» ይባላል፤ ቪዲዮው ሲደርስ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል መተላለፉ ይነገራል። በዚህ መሐል የዋስትናው ቀን ይቆጥራል።

የዋስትናው አቆጣጠር ራሱ ለእኛ ሁኔታ የተዘጋጀ አይደለም። በዘርፉ የተለመደው ዋስትና ለአንዳንድ ሞዴሎች 180 ቀን፣ ለአዳዲሶቹ 365 ቀን ሲሆን፣ መቁጠር የሚጀምረው ዕቃው ከሻጩ መጋዘን ከወጣበት ቀን ነው። ከደቡብ ቻይና በመርከብ የተጫነ ማሽን ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጓጓዛል፤ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀረጥና ታክሱ ይከፈላል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በመርከቦች ላይ የተፈጸሙት ጥቃቶች ይህን ጉዞ ይበልጥ አስረዝመውታል። በአውሮፕላን ያስመጣ አባል ጊዜ ያተርፋል፤ በአንጻሩ የጭነቱ ዋጋ የማሽኑን ትርፍ ይበላል። 180 ቀን ዋስትና ያለው ማሽን ሶኬት ላይ ሲሰካ ምን ያህል ዋስትና እንደቀረው እያንዳንዱ አባል ያውቀዋል። ማሽኑ ተበላሽቶ ወደ ውጭ የጥገና ማዕከል ሲላክ ደግሞ የመመለሻውን ጭነት ገዥው ይከፍላል፣ የጉምሩክ ሥርዓቱን በሁለቱም አቅጣጫ ይፈጽማል፣ ማሽኑ በጥገና ላይ የቆየበትም ጊዜ ከዋስትናው ላይ ይቀነሳል።

በተለይ ልናሳስብበት የምንፈልገው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ሻጮች ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። በስፋት የሚሸጡ ሞዴሎች ቴክኒካዊ መግለጫ ማሽኑ የሚሠራው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር መሆኑን ይጽፋል። ከ900 ሜትር በላይ ደግሞ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የአካባቢ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀንስ በኅዳግ ማስታወሻ ያክላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ከቺፑ ላይ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ሰዎች ቀዝቃዛ አየር አለን ብለው የሚመኩበት ደጋ፣ ለማሽኑ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ያን ያህል ምቹ አይደለም። የአዲስ አበባን አድራሻ በማድረሻ ሰነዱ ላይ ጽፎ ማሽኑን የሸጠ ሻጭ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ከፍታውን ምክንያት አድርጎ ዋስትናውን ቢነሣ ይህ ቅን ልቦና የጎደለው አሠራር ነው። ሊሸጥ የማይገባ ከሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ከተሸጠ ዋስትናው ይጽና።

ሕጉ በዚህ መሐል የት ይቆማል የሚለውን ጉባኤው መርምሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዥም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። ሚዛኑን የጠበቀ ሥርዓት ነው። ሆኖም አባላት የሚፈርሟቸው ውሎች በውጭ ሀገር ሕግ የሚገዙና ክርክሩን ለውጭ ሀገር የግልግል ዳኝነት የሚመሩ ናቸው፤ ለግልግሉ የሚወጣው ወጪ ብዙ ጊዜ ከተበላሹት ማሽኖች ዋጋ ይበልጣል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የውጭ ሀገር የግልግል ውሳኔዎችን ዕውቅና ስለመስጠትና ስለማስፈጸም የሚደነግገውን የኒውዮርክ ስምምነት መቀበሏ ለተገኘ ውሳኔ ይጠቅማል፤ ውሳኔውን ለማግኘት የሚጠይቀውን ገንዘብ ግን አይቀንስም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለሥራ የሚገዛን አይደለም። ስለዚህ አንድ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ያለው ከለላ፣ አንድ ኮንቴይነር ማሽን ያስመጣ አባላችን የለውም። ይህን ስንል አዋጁን ለመንቀፍ አይደለም፤ ክፍተቱን በውል ከመሙላት ሌላ መንገድ እንደሌለን ለማሳየት ነው።

ኤልሲ (የባንክ መተማመኛ ሰነድ) ከፍቻለሁ፣ ባንክ ይጠብቀኛል ብሎ የሚያምን አባልም አለ። ባንኮች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ፣ ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም የሚል መርሕ አለው። የጭነት ሰነዱ፣ ኢንቮይሱና የማሸጊያ ዝርዝሩ ከተጣጣሙ ካርቶኑ ውስጥ የሞተ ቦርድ ቢኖርም ክፍያው ይፈጸማል። ኤልሲ ገዥን የሚጠብቀው ገዥው ትክክለኛውን ሰነድ እንዲቀርብ አስቀድሞ ከጠየቀ ብቻ ነው።

የምንጠይቀው ነገር አዲስ ወይም የማይቻል አይደለም። በዚህ ኢንዱስትሪ ጅማሬ ላይ በአሜሪካ ካንሳስ ይገኝ የነበረው በተርፍላይ ላብስ የተባለ ድርጅት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገና ላልተመረቱ ማሽኖች ገንዘብ ተቀብሎ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ድርጅቱን ሲከስ፣ እስከ ሴፕቴምበር 2013 ከ20,000 የሚበልጡ ደንበኞች የከፈሉበትን ማሽን እንዳልተረከቡ ገልጿል። ክሱ የመዘግየት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ማሽኖቹ መኖር፣ ስለሚያስገኙት ትርፍና ስለ አዲስነታቸው ደንበኞች ተታልለዋል የሚል ነበር። ጉዳዩ በ2016 በስምምነት ሲዘጋ፣ ተከሳሾቹ በእጅ ላልተገኘና በ30 ቀን ውስጥ ለማይደርስ የማይኒንግ ማሽን ቅድመ ክፍያ እንዳይቀበሉ ተከልክለዋል። በዚያው ዓመት ኬኤንሲማይነር የተባለው የስዊድን አምራች ከስሯል፤ ሃሽፋስት የተባለውም የካሊፎርኒያ አምራች ከዚያ በፊት በ2014 በኪሳራ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ቅድመ ክፍያ የከፈለ ገዥ ሻጩ ሲከስር ከባለገንዘቦች ረድፍ የት እንደሚሰለፍ ከእነዚህ ታሪኮች መረዳት ይቻላል።

በእነዚህ መነሻዎች ላይ ተመሥርተን የሚከተሉትን አቋሞች ይዘናል፦

1. ቅድመ ክፍያ የሚከፈለው ሲሪያል ቁጥሩ ለታወቀ፣ በሻጩ እጅ ላለና ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለሚላክ ማሽን ብቻ መሆን አለበት። ገና ላልተመረተ ባች የሚጠየቅ መያዣ ከጠቅላላው ዋጋ ትንሽ ድርሻ እንዲሆንና በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። የመላኪያው ቀን ካለፈ ገዥው ውሉን የማፍረስና ገንዘቡን በከፈለበት ምንዛሪ መልሶ የማግኘት መብት ሊኖረው ይገባል። ኩፖን ተመላሽ ገንዘብ ነው ብለን አንቀበልም። ገዥው በውሉ ለመቀጠል ከመረጠ ደግሞ ከከፈለው ዋጋና ማሽኑ በተላከበት ቀን በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሊታሰብለት ይገባል፤ ዋጋው ቢጨምር ሻጩ ተጨማሪ አይጠይቅም፣ የዘገየው እርሱ ነውና።

2. የዋስትና ጊዜ ማሽኑ መጀመሪያ ከበራበት ቀን ይቁጠር። ሻጮች ማሽኑን ገዥው መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ ዋስትናውን እንዳያራዝም የሚያነሡት ሥጋት ተገቢ ስለሆነ፣ ከጉምሩክ ከተለቀቀበት ቀን በኋላ የ60 ቀን ጣሪያ ቢቀመጥ እንስማማለን። ማሽኑ በጥገና ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከዋስትናው አይቀነስም። ዋስትና ባለው ማሽን ላይ የደርሶ መልስ ጭነቱን ወጪ የሚሸፍነው ሻጩ ነው።

3. ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚተከል ማሽን ሻጩ ከሽያጩ በፊት የሚፈቀደውን ሙቀትና የሚጠበቀውን የሥራ አቅም በጽሑፍ ይስጥ። በጽሑፍ ያልተገለጸ የከፍታ ገደብ ዋስትናን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

4. ያገለገለ ማሽን ባገለገለ ዕቃ ዋጋና ስም ይሸጥ። አባሎቻችን ያገለገለ ማሽን አይገዙም አላልንም፤ ብዙዎቹ ኃይሉ ርካሽ ስለሆነ አውቀው ይመርጡታል። ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የካርቶኑን፣ የማሽኑንና የሦስቱንም ሃሽቦርዶች ሲሪያል ቁጥር የያዘ ዝርዝር እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ያልገጠመ ቁጥር የተገኘበት ማሽን እንዳልተላከ ይቆጠራል።

5. በሀገር ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም አምራች ወይም ወኪል በሀገር ውስጥ የጥገና አቅም እንዲኖር የማድረግ ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን። ይህም የሃሽቦርድ መፈተሻ መሣሪያ፣ መለዋወጫ ቺፕ፣ ፋንና ፓወር ሰፕላይ በአዲስ አበባ እንዲገኝ ማድረግን፣ የሀገር ውስጥ ቴክኒሻኖችን አሠልጥኖ ዕውቅና መስጠትን ይጨምራል። ዛሬ አንድ ፋን ለመቀየር የዋስትናውን ማኅተም የቀደደ ቴክኒሻን ዋስትናውን ሙሉ በሙሉ ያሳጣል፤ ፋን ግን እንደ መኪና ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ቺፕ አንሥተው በሚቀይሩባት ከተማ ቦርድ ለጥገና ውቅያኖስ ማቋረጡ የሻጩን ምቾት ካልሆነ በቀር የማንንም ጥቅም አይጠብቅም።

6. የአባላትን ማሽን ተረክበው የሚያንቀሳቅሱ ማዕከላት ማሽኑን ሲረከቡ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ በተገኘበት ከፍተው፣ ፈትነው፣ በሰነድ ይረከቡ። ደርሶ ያልተተከለ ማሽን የኪራይ ክፍያ አይታሰብበት።

7. የጉምሩክ ኮሚሽን በዋስትና ለጥገና ለጊዜው ወጥተው ለሚመለሱ ማሽኖችና ቦርዶች ግልጽና አጭር የአሠራር መመሪያ እንዲያወጣ፣ በሲሪያል ቁጥር የተረጋገጠ ዕቃ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ እንዳይስተናገድ በአክብሮት እንጠይቃለን። የቀረጥ ነፃ መብት ጥያቄ አላቀረብንም፤ አንድ ጊዜ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ሁለተኛ እንዳይከፈልበት ብቻ ነው የምንጠይቀው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በምዝገባ ሥርዓቱ የሚሰበስበውን የማሽን መረጃ በአንድ ሲሪያል ቁጥር ሁለት ጊዜ የገባ ማሽን ለመለየት እንዲያውለው ሐሳብ እናቀርባለን።

8. የማኅበሩ አባል የሆነ ድርጅት ይህ መግለጫ ከወጣ በኋላ በሚፈርመው ውል ሙሉ ቅድመ ክፍያ አይከፍልም። በኤልሲ የሚገዛ ከሆነ ገለልተኛ መርማሪ ከመጫኑ በፊት ማሽኖቹን አብርቶ የሰጠው የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ይጠይቃል። ጭነት ሲከፈት ከማኅተሙ ጀምሮ በቪዲዮ ይቀርጻል፤ ጉድለቱን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መንፈስ ሳይዘገይ በጽሑፍ ያስታውቃል። ቅናሽ ተሰጥቶት ከዚህ የወጣ አባል በተናጠል ያተረፈው ሌሎችን የሚጎዳ መሆኑን ጉባኤው በግልጽ አስገንዝቧል።

9. ፈርምዌር (የማሽኑን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ቀይሮ ማሽኑን ከተሠራለት አቅም በላይ ያስኬደ፣ ወይም የአቧራ ማጣሪያና ተገቢ የኤሌክትሪክ መስመር ሳያዘጋጅ የሰካ አባል ለሚያቀርበው የዋስትና ጥያቄ ማኅበሩ አይቆምም። ከሻጭ የምንጠይቀውን ቅንነት ከራሳችንም እንጠይቃለን።

10. የቢትኮይን ዋጋ በመውረዱ ወይም የስሌቱ ክብደት በመጨመሩ ብቻ ለደረሰ ኪሳራ ካሣ አንጠይቅም፤ አባላትም በማኅበሩ ስም እንዲጠይቁ አንፈቅድም።

እነዚህን አቋሞች ለማስፈጸም ጉባኤው ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ኃላፊነት ሰጥቷል። ኮሚቴው ከ1 እስከ 5 የተዘረዘሩትን ነጥቦች የያዘ የናሙና ውል በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ አዘጋጅቶ ለአባላት ያሰራጫል፤ የሕግ ባለሙያዎችን አማክሮ በውጭ ሀገር ሕግ ለሚገዙ ውሎች የሚስማማ አማራጭ ያክላል። የብልሽትና የመዘግየት መዝገብ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይከፈታል፤ መዝገቡ የሞዴሉን ዓይነት፣ ባቹን፣ የተባለበትንና የደረሰበትን ቀን፣ የብልሽቱን ዓይነትና የሻጩን መልስ ይይዛል።

በዚህ ደረጃ የአንድንም ሻጭ ወይም አምራች ስም ይፋ ላለማድረግ ወስነናል። ይህ ከፍርሃት የመጣ አይደለም። ያልተሰማ ወገን ላይ ስም መለጠፍ ከማኅበሩ ሥነ ሥርዓት ውጭ ስለሆነ ነው። ከአባላት ጋር የሽያጭ ውል ያላቸው ሁሉ ይህ መግለጫ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ በነጥብ 1፣ 2 እና 3 ላይ ያላቸውን አቋም በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። የሚሰጡት መልስ፣ ወይም መልስ አለመስጠታቸው፣ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ማሽን ለመግዛት ለሚያማክረን አባል ሁሉ ክፍት ይሆናል።

ይህ መግለጫ ለጉምሩክ ኮሚሽን፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ከአባላት ጋር ለሚሠሩ ባንኮች በግልባጭ ይላካል።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ
አዲስ አበባ